በአሊዩ አምባ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ንዳዶች፤ ጥቃቅን ተሐዋስያንን በየወገናቸው ለይቶ ስለ ማወቅ

ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቍልቍል የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ሳይርቅ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ይሰማዋል። በደጋው ሳለ ያሞቀው የነበረ ጋቢ ይከብደዋል፤ የገብሱና የባቄላው ማሳ ወደ ኋላ ይቀርና የማሽላው ማሳ ይቀበለዋል። ከዚያም በአንድ ጕብታ ላይ የተቈረቈረችው አሊዩ አምባ ትታየዋለች። ይህች ከተማ የደጋና የቆላ በር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነሥተው በረሓውን አቋርጠው የሚመጡ የግመል ነጋዴዎች የሚያርፉባት፥ ዓርብ ዓርብም ከላይና ከታች የመጣ ብዙ ሕዝብ የሚገናኝባት ታላቅ ገበያ ነበረች።

በገበያ የሚገናኙት ግን ሰዎችና ሸቀጦች ብቻ አይደሉም። የበረኛ ዓይን የማያያቸው፥ ቀረጥም የማይከፍሉ ሌሎች መንገደኞች ከሰው ጋራ አብረው ይገባሉ። እነዚህም የበሽታ ምክንያት የሚሆኑ ጥቃቅን ተሐዋስያን ናቸው። በዚህ ወር ጽሑፋችን እነዚህን የማይታዩ ፍጥረታት ሊቃውንት እንዴት አድርገው በየወገናቸው እንደ ለዩአቸው፥ ይህም መለየት ለአንድ ሕመምተኛ ሕይወት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለአንባብያን ለማስረዳት አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በአሊዩ አምባ ተቀምጦ ሳለ፥ ተወው ሲሉት ተመልሶ በሚነሣ ንዳድ ተይዞ ብዙ ተሠቃይቶ ነበር። በሸዋ ያየውንም በ1844 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ተርኮታል። ይህ ሰው በሙያው ሐኪም ሲሆን፥ የገዛ ራሱን ሕመም ያመጣበት ተሐዋሲ የትኛው እንደ ሆነ ሊያውቅ አልቻለም። ይህም ከስንፍና የመጣ አልነበረም። የግርሻ ትኩሳት ተሐዋሲ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን የታየው ከዚያ 26 ዓመት ቈይቶ፥ የወባ ተሐዋሲም የታየው 38 ዓመት ቈይቶ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሙም ሕመምተኛውም በአንድ ጨለማ ውስጥ ነበሩ።

እስቲ ዛሬ ሁለት ሕመምተኞች በአንድ የገበያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መጡ ብለን እናስብ። አንደኛው ለሥራ ወደ አዋሽ ቆላ ወርዶ ያለ አጎበር ሲያድር የሰነበተ ነው። ሁለተኛው በክረምቱ ብርድ ብዙ ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ቤት ልብሱን ሳያወልቅና ሳያጥብ የሰነበተ ነው። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ ሁለቱንም ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቍርጥማት ይዞአቸዋል፤ ሁለቱም ያስታውካቸዋል፤ የሁለቱም ዓይን ጥቂት ቢጫ ሆኖአል። ሁለቱም ሲጠየቁ «ንዳድ ይዞኛል፤ ይተወኝና ይመለስብኛል» ይላሉ። ቃላቸው አንድ ነው፤ በሽታቸው ግን ሁለት ነው። አንደኛው ወባ ሲሆን ሁለተኛው የግርሻ ትኩሳት ነው። የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ቢሰጡት አያድነውም፤ የሚባክነውም ጊዜ ነፍስን ሊያስከፍል ይችላል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን በሽታን በስም መለየት አልተሳናቸውም። ንዳድ፥ ወባ፥ ግርሻ፥ ተስቦ፥ ምች እያሉ ያወጡአቸው ስሞች ብዙ ዘመን ከማየትና ከመታዘብ የመጡ ናቸው። ግርሻ የሚለው ቃል ራሱ ድኗል ሲባል ተመልሶ የሚያገረሽ መሆኑን ይመሰክራል። በእርግጥም ይህ ትኩሳት ካልታከመ አምስት ቀን ገደማ ያነድድና ይለቅቃል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ነገር ግን እነዚህ ስሞች የተሰጡት ለሕመሙ ምልክት እንጂ ሕመሙን ለሚያመጣው ፍጡር አይደለም። ሁለት ልዩ ልዩ ፍጥረታት አንድ ዐይነት ምልክት በሚያሳዩ ጊዜ በምልክቱ ብቻ የተሰየመ ስም መንገድ ያሳስታል።

እነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት መኖራቸውን በመጀመሪያ ያስታወቀው በ1670ዎቹ ዓመታት በሆላንድ አገር የጨርቅ ነጋዴ የነበረው ሌወንሁክ ነው። በገዛ እጁ በሞረደው መስተዋት የኵሬ ውሃና የጥርሱን ቈሻሻ ሲመረምር የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን አየ። ሆኖም ማየትና መለየት አንድ አይደሉም። ዕፅዋትንና እንስሳትን በየወገናቸው የመደበው ታላቁ የስዊድን ሊቅ ሊኔየስ እንኳ፥ ወደነዚህ ጥቃቅን ፍጥረታት በደረሰ ጊዜ የሚለይበት ምልክት ስላጣ ብዙዎቹን «ኬዎስ» ማለት ትርምስ ብሎ በሰየመው አንድ ክፍል ውስጥ አጐራቸው። ትርምሱን መለየት የጀመሩት ከእርሱ በኋላ የተነሡት ናቸው። ፌርዲናንድ ኮን የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1872 ባክቴሪያዎችን በመልካቸው፥ ይኸውም ክብ፥ በትር መሳይና ጥምዝ ብሎ መደባቸው።

የግርሻን ተሐዋሲ በ1868 በበርሊን ከተማ በሕመምተኞች ደም ውስጥ ያየው ኦቶ ኦበርማየር ነው። ግኝቱን በ1873 ገልጦ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ። በዚሁ በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አየ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። በ1880 ደግሞ ላቨራን የተባለ የፈረንሳይ የጦር ሐኪም በአልጄሪያ አገር በአንድ ወታደር ደም ውስጥ የወባን ተሐዋሲ አገኘ። የታይፈስ ተሐዋሲ «ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ» ይባላል፤ ይህም ስም የሪኬትስና የፕሮዋዜክ መታሰቢያ ነው፤ ሁለቱም ሊቃውንት ታይፈስን ሲመረምሩ በዚያው በታይፈስ ሞተዋል። እንግዲህ በምርመራ ወረቀት ላይ የሚጻፈው እንግዳ የሚመስል ስም በከንቱ የወጣ አይደለም፤ ሰው የሞተበት ስም አለበት።

ስለ ስሞቹ አወጣጥ ጥቂት እንናገር። በአገራችን የሰው የራሱ ስም ይቀድማል፤ የአባቱ ስም ይከተላል። በተሐዋስያን ዘንድ ግን ሥርዓቱ ተገላቢጦሽ ነው። ፊተኛው ስም የወገኑ ነው፤ ኋለኛው የራሱ የዝርያው ነው። «ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም» በተባለ ጊዜ ፕላስሞዲየም የወባ ተሐዋስያን ሁሉ የሚጠሩበት የወገን ስም ነው፤ ፋልሲፓረም ግን ከወንድሞቹ ከነፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ተለይቶ የሚታወቅበት የራሱ ስም ነው። በአገራችን ወባን በብዛት የሚያመጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፋልሲፓረም ፈጥኖ የሚገድለው ነው። ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቈይቶ ከወራት በኋላ የሚነሣው ነው፤ ስለዚህ በደም ያለውን ብቻ የሚገድል መድኃኒት አይበቃውም፤ ከጉበት የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይጨመርለታል። የወገኑን ስም አውቆ የዝርያውን አለማወቅ ሕክምናን እንዴት ጐደሎ እንደሚያደርግ ከዚህ ይታያል።

በሽታን የሚያመጡ ጥቃቅን ተሐዋስያን በዋናው አከፋፈል አራት ወገን ናቸው። ፊተኞቹ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የግርሻ፥ የታይፎይድ፥ የሳንባ ነቀርሳና የኮሌራ ተሐዋስያን ከነዚህ ይቈጠራሉ። ሁለተኞቹ ከባክቴሪያ የሚበልጡ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ሲሆኑ ወባና ካላዛር ከነርሱ ይመጣሉ። ሦስተኞቹ የፈንገስ ወገኖች ናቸው፤ ጭርትን የሚያመጡት ከነርሱ ናቸው። አራተኞቹ ቫይረሶች ናቸው፤ እጅግ ጥቃቅን ስለ ሆኑ በተራው ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ ኩፍኝና የእብድ ውሻ በሽታ ከነርሱ ናቸው።

ነገር ግን ተሐዋሲ ሁሉ ጠላት ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ እንዳይኖር እንለምናለን። የእንጀራ ሊጥ የሚቦካው እርሾው ውስጥ በሚኖሩ የፈንገስ ወገኖችና ሊጡን በሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ወተት እርጎ የሚሆነው፥ ጠላና ጠጅ የሚፈላው በነዚህ መሰሎች ነው። እናቶቻችን እርሾውን ከሊጥ ወደ ሊጥ እያሸጋገሩ እነዚህን ፍጥረታት ሳያዩአቸው ለብዙ ዘመን ሲያረቡአቸው ኖረዋል። ከዚህም የተነሣ ወዳጅን ከጠላት መለየት ማስፈለጉ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሕመምተኞች እንመለስ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ከጣታቸው ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ደም ወስዶ በመስተዋት ላይ ይቀባል። ከጠብታው ከፊሉን ወፍራም አድርጎ ይቀባል፤ ተሐዋሲው ጥቂት ቢሆንም እንዲገኝ ነው። ከፊሉን ስስ አድርጎ ይቀባል፤ የተገኘው ተሐዋሲ መልኩ ታይቶ ዝርያው እንዲለይ ነው። ከዚያም ጊምሳ በሚባል ቀለም አቅልሞ አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጐላ ማይክሮስኮፕ ይመለከታል። የፊተኛው ሰው ደም ሲታይ ተሐዋሲው በቀዩ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደ ትንሽ ቀለበት ተቀምጦ ይገኛል። የሁለተኛው ሰው ደም ሲታይ ግን ሕዋሳቱ ባዶ ናቸው፤ በሕዋሳቱ መካከል ግን እንደ ተጠማዘዘ ቀጭን ክር ያሉ ነገሮች ተጋድመው ይታያሉ። ያ ቀለበት ፕላስሞዲየም ነው፤ ይህ ክር ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለው የግርሻ ባክቴሪያ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሌባ ነው፤ ሌላው በቤቶች መካከል ባለው መንገድ የሚመላለስ ነው። በ1842 ማንም ሊለየው ያልቻለውን ነገር ዛሬ አንድ የሠለጠነ ሰው ከአንድ ጠብታ ደም ውስጥ በጥቂት ጊዜ ይለየዋል። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ተሐዋስያን በአንድ ሰው ደም ውስጥ አብረው ይገኛሉና አንዱን ያገኘ ባለሙያ ሌላውን መፈለግ አይተውም።

ለደም የሚበቃው ዘዴ ለሁሉ አይበቃም። በ1884 ሐንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ባክቴሪያዎችን በቀለም ለሁለት የሚከፍልበትን ዘዴ አገኘ፤ አንዳንዶቹ ሐምራዊውን ቀለም ይዘው ይቀራሉ፥ ሌሎቹ ይለቅቁና በኋላ የተጨመረውን ቀይ ቀለም ይቀበላሉ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ልባሱ ሰም ስላለበት በአክታ ምርመራ ጊዜ አንድ ጊዜ የያዘውን ቀይ ቀለም በአሲድ እንኳ አይለቅቅም። በመልክ የሚመሳሰሉትን ደግሞ ባለሙያዎች በምግባቸው ይለዩአቸዋል። ከሰገራ የተወሰደ ናሙና የወተት ስኳርና ቀለም ባለበት መመገቢያ ላይ ሲዘራ፥ በጤነኛ ሰው አንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ ስኳሩን በልቶ ሮዝ መልክ ያወጣል፤ ተቅማጥ ከደም የሚያመጣው ሺጌላና የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ግን ያለ ቀለም ይበቅላሉ።

ከ1977 ወዲህ ደግሞ አሜሪካዊው ሊቅ ካርል ዎስ ተሐዋስያንን በውስጣቸው ባለው የዘር ጽሑፍ ማነጻጸርን አስተማረ፤ የቀድሞውም አከፋፈል ብዙው ታረመ። ለምሳሌ ሺጌላና ኢ. ኮላይ በዘራቸው አንድ ዝርያ ለመባል የሚበቁ የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኝተዋል፤ ሆኖም አንዱ የሚያመጣው በሽታ የታወቀ ስለ ሆነ ሐኪሞች እንዳይሳሳቱ የቀድሞ ስሙ ተጠብቆለታል። ስም ለሊቃውንት ክርክር ብቻ ሳይሆን ለሕመምተኛው ደኅንነት እንደሚወጣ ይህ ያስረዳል።

በገዛ አገራችንም የዚህ ዐይነት ታሪክ አለ። በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ፊትን የሚያቈስለው ቁንጭር የሚባለው በሽታ ተሐዋሲው ለብዙ ጊዜ በሌላ አገር ካለው ሌሽማኒያ ትሮፒካ ጋራ ይቈጠር ነበር። በ1973 ግን ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ተገልጦ ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ ተባለ። ይህ ዝርያ በገደል አፋፍ በሚኖሩ ሽኮኮዎች ላይ የሚኖርና በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ስሙ ሲለይ መኖሪያውም አብሮ ተለየ፤ በሽታውን የሚከላከልም ሰው ወዴት መመልከት እንደሚገባው ዐወቀ።

አሁን ግን አንድ የሚያሳስበንን ነገር ሳንሸሽግ እንናገራለን። ብዙ ሰው ትኩሳት በያዘው ጊዜ ከአንድ ጊዜ የደም ምርመራ በኋላ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። እነዚህ ሁለት ስሞች ይመሳሰላሉ፤ በአማርኛም ሁለቱን ተስቦ ስንል እንገኛለን። በሽታዎቹ ግን ፍጹም ልዩ ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚገባ የሳልሞኔላ በሽታ ነው፤ ታይፈስ ግን በልብስ ቅማል የሚተላለፍ የሪኬትሲያ በሽታ ነው። ይህ ልዩነት ገርሃርድ በተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1837 ተገልጦአል። ለሁለቱ የሚደረጉት የቆዩ የደም ምርመራዎች፥ ይኸውም ዊዳልና ዋይል ፊሊክስ የሚባሉት፥ ተሐዋሲውን ራሱን የሚያሳዩ አይደሉም፤ ሰውነት ተሐዋሲውን ለመከላከል ያዘጋጀውን ነገር ይፈልጋሉ እንጂ። ይህም ጅቡን ሳያዩ በዱካው እንደ መፍረድ ነው፤ ዱካው የዛሬ ይሁን የአምና አይታወቅም። በ1916 የወጣው ዋይል ፊሊክስ ደግሞ የታይፈስን ተሐዋሲ እንኳ አይጠቀምም፤ በአጋጣሚ የሚመስለውን ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ያልታመመውን ታማሚ፥ የታመመውንም ጤነኛ ሊያደርግ ይችላል። በእንዲህ ያለ ወረቀት ብቻ ተመክቶ መድኃኒት የሚውጥ ሰው እውነተኛው ሕመሙ ወባ ወይም ግርሻ ሆኖ ሳለ ጊዜውን ያሳልፋል።

ፈጣኑ የወባ ምርመራም ጠቃሚ ቢሆን እንከን የለበትም አይባልም። አንዳንዱ ዐይነት የሚፈልገው ፋልሲፓረም የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ነው። በ2021 የታተመ ጥናት ግን በኢትዮጵያ ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ የወባ ተሐዋስያን መኖራቸውን አረጋግጦአል። እነዚህ ከወገናቸው ምልክት አንዱን ጥለው የሚያመልጡ ናቸው። ስለዚህ ምርመራው «የለም» ቢልም ትኩሳቱ ካልተወ ተመልሶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይገባል።

ደግሞም ወባ የቆላ ብቻ ነው ብሎ የሚታመን የደጋ ሰው የ1958ን ዓመት ያስታውስ። በዚያ ዓመት ወባ ወደ ከፍታው አገር ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዳሳመመ፥ 150,000 ያህል ሰውም እንደ ገደለ ተገምቶአል። በቆላና በደጋ መካከል ያለው ዳገት ለእግረኛ ይከብድ ይሆናል እንጂ ለበሽታ ቅጥር አይሆነውም።

የግርሻም ሕክምና ለብቻው የሚጠነቀቁለት ነው። ተገቢው መድኃኒት ሲሰጥ ተሐዋስያኑ በአንድ ጊዜ ስለሚሞቱ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርቱ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው በሐኪም ዓይን ሥር ሆኖ መታከም አለበት፤ በቤቱ ያለ ጠባቂ መድኃኒቱን ቢውጥ መድኃኒቱ ራሱ አደጋ ይሆንበታል።

እንግዲህ የጽሑፋችንን ፍሬ ነገር ለሥራ እንዲመች አድርገን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ. ትኩሳት የያዘው ሰው በያዘው ዕለት ወይም በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የግርሻ ተሐዋሲ ትኩሳቱ በለቀቀ ጊዜ ከደም ውስጥ ይሰወራልና ደሙ ትኩሳቱ ሳለ ቢወሰድ ይሻላል።

2ኛ. ሕመምተኛው ከየት እንደ መጣ፥ ቆላ ወርዶ እንደ ሆነ፥ ከብዙ ሰው ጋራ ተጨናንቆ አድሮ እንደ ሆነ፥ በልብሱም ቅማል እንዳለ ሳያፍር ይንገር። ይህ ቃል ለመርማሪው ከግማሽ ምርመራ አያንስም።

3ኛ. የቀረውን መድኃኒት ለጎረቤት መስጠት ወይም «የእገሌ ሕመም ይመስላል» ብሎ ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ ይቅር። የሚመሳሰል ንዳድ አንድ ንዳድ አይደለም።

4ኛ. ቅማልን በጥፍር መደፍጠጥ ክልክል ይሁን። የግርሻ ተሐዋሲ የሚተላለፈው ቅማሉ ሲደፈጠጥ ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ሲገባ ነውና። ይልቁንም ልብሱ በፈላ ውሃ ይቀቀል፤ ቅማልና ቅጫም በሚሸሸጉበት በስፌቱ ላይ የጋለ ካውያ ይተኰስበት።

5ኛ. ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ሁሉም በአጎበር ውስጥ ይተኛ፤ በመኖሪያ አጠገብ ያቈረ ውሃ ይፍሰስ ወይም ይደፈን። ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድም ሰው ከስንቁ ጋራ አጎበሩን ይያዝ።

6ኛ. ውሃን ማፍላት፥ ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ታይፎይድንና ተቅማጥን ይከለክላል፤ ወባንና ግርሻን ግን አይከለክልም። ለእያንዳንዱ ተሐዋሲ የየራሱ መከላከያ እንዳለው ይታወቅ።

በአሊዩ አምባ መንገድ ላይ ዛሬም የደጋው ሰው ይወርዳል፤ የቆላው ሰው ይወጣል። መንገዱን መዝጋት አይቻልም፤ አይገባምም። የሚቻለው ከመንገደኛው ጋራ የገባውን ተሐዋሲ ፈጥኖ ለይቶ በስሙ መጥራትና ለዚያው ለተለየው ጠላት የሚገባውን መድኃኒት መስጠት ነው። በ1842 በዚያች ከተማ በንዳድ የተኛው ሐኪም ያጣው ይህንኑ ነበር። እኛ ግን አላጣነውም፤ ስለዚህ ትኩሳት የያዘው ቤተ ሰብ ያለው አንባቢ ይህን ጽሑፍ አስቀምጦ በሽተኛውን ወደ ምርመራ ይዞ ይሂድ እንላለን።